ድንበር በበሩ ይታለፋል



በቡሬና በፍኖተ ሰላም ደጅ ባቡር አያልፍም። መንገደኛችን የዐባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ተጉዞ አዲስ አበባ ይደርሳል። የጅቡቲ መስመር የመንገደኛ ባቡር ከዚያ፣ ከለቡ ጣቢያ ይነሣል። የቀድሞው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰ ሲሆን፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መስመር የተመረቀው በጥቅምት 2016 ነው። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ይህ መስመር አዳማን፣ አዋሽንና ድሬዳዋን አልፎ በደወሌ በኩል ድንበር ይሻገራል።

ሙሳፊር ባለ አራት ረከዓውን ሶላት ሁለት አድርጎ እንዲሰግድ አላህ (ሱ.ወ.) አግርቶለታል፤ መግሪብና ሱብሒ ግን አይቀነሱም። ሶላት ስለማጣመር የአካባቢን ሸይኽ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ቂብላው በለቡ ከሰሜን ጥቂት ወደ ምሥራቅ፣ በድሬዳዋና በጅቡቲ ደግሞ ከሰሜን ወደ ምዕራብ ያዘነብላል። ስለዚህ ወደ ጅቡቲ ለሚሄድ ሰው ካዕባ በአብዛኛው በግራው በኩል ናት።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን የልጆቻችን ጉዳይ ነው። ብዙ ወጣቶች ያለ ፓስፖርት በደላላ እየተመሩ፣ በጅቡቲ በረሃ አቋርጠው ከኦቦክ ጠረፍ በጀልባ ወደ የመን ይሻገራሉ። በሚያዝያ 2024 ብቻ ከየመን ኢትዮጵያውያንን ጭነው ይመለሱ የነበሩ ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ ጠረፍ ሰጥመው፣ በርካታ ወገኖቻችን አልቀዋል። አላህ ይዘንላቸው።

የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰሓቦች ከቁረይሽ በደል ሸሽተው ባሕር ተሻግረው ወደ ሀገራችን በመጡ ጊዜ ነጃሺ አስጠርቶ ጠየቃቸው። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብም በአደባባይ እውነቱን ተናገረ፤ ንጉሡም ለአሳዳጆቻቸው አሳልፎ አልሰጣቸውም። ዛሬ በሌሊት በረሃ የሚሻገር ልጅ ግን ደላላው ቢዘርፈው፣ ቢደበድበው እንኳ የት ሄዶ ይናገራል? ፓስፖርትና የመግቢያ ፈቃድ የያዘ ሰው ሲበደል አቤት የሚልበት አፍ አለው። ፈቃዱም ቃል ኪዳን ነው፤ ቃል ኪዳንን መሙላት ደግሞ በሱረቱል ማኢዳህ መጀመሪያ የታዘዝንበት ነው።

ወላጆች ሆይ! በሬ ሸጣችሁ ለደላላ ከመክፈላችሁ በፊት ልጃችሁን አስቀምጡና አነጋግሩት። መሄዱ የግድ ከሆነ ሰነዱን ያሟላ፤ የመንገደኛው ባቡር መቼ እንደሚነሣና እስከ የት እንደሚሄድ ከጣቢያው ይጠይቅ፤ ዕዳውን ይክፈል፤ ዱዓችሁንም ይዞ በቀን፣ በበሩ ይውጣ።

አላህ መንገደኞቻችንን በሰላም ይመልስልን። አሚን።