ስም ከማውጣት ወደ ማግኘት

ለልጅ ስም ማውጣት የወላጅ ወግ ነው። ነገር ግን ልጅ በስሙ ብቻ እንደማያድግ ማንም ያውቀዋል። በታኅሣሥ ወር 2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንዳንድ ኮከብና በዙሪያው የምትዞር አንዳንድ ፕላኔት በስም እንዲጠሩ ባደረገ ጊዜ፣ ለኢትዮጵያ የደረሳት ኮከብ «ቡና»፣ ፕላኔቷም «አቦል» ተብለው ተሰየሙ። ቡና ከምድር 200 የብርሃን ዓመት ግድም የራቀ፣ በዐይን ብቻ የማይታይ፣ በእጅ መነጽር ግን ሊለይ የሚችል ኮከብ ነው። አቦልም ክብደቷ ከጁፒተር አራት እጥፍ የሚበልጥና ኮከቧን አንድ ጊዜ ለመዞር 1000 ቀን ያህል የሚፈጅባት ግዙፍ ፕላኔት ናት። ስሙ በውነቱ ያማረ ነው። ይሁን እንጂ ስሙን የሰጡት ኢትዮጵያውያን ሲሆኑ፣ ፕላኔቷን ፈልገው ያገኟት የሌላ አገር ሊቃውንት ናቸው። እንግዲህ ኢትዮጵያውያን ስም አውጪዎች ብቻ ሆነው ይቀራሉ ወይስ ከሚያገኙት ወገን ይቈጠራሉ? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የሩቅ ከዋክብትን ፕላኔቶች ለማግኘት ብዙ መንገድ አለ። አቦል የታወቀችው በስበቷ ኮከቧን ወዲያና ወዲህ ስታወዛውዘው በብርሃኑ ላይ በታየው ለውጥ ነው። ከሁሉ ይልቅ ብዙ ፍሬ የሰጠው ግን ሌላ መንገድ ነው፤ ይኸውም ፕላኔት በኮከቧ ፊት ስታልፍ ከብርሃኑ ጥቂት ስለምትጋርድ ያን የጐደለውን መለካት ነው። የዚህን ምሳሌ የኢትዮጵያ ሰማይ አሳይቷል። ግንቦት 29 ቀን 2004 ዓ.ም. ፀሐይ ስትወጣ፣ አጥቢያ ኮከብ የምትባለው ቬኑስ እንደ ጥቁር ነጥብ ሆና በፀሐይ ፊት ታልፍ ነበር። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ ጨረቃ ፀሐይን ጋርዳት በላሊበላ ሰማይ ላይ ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና ታይታለች። እንደ ጁፒተር ያለች ፕላኔት ወርዷ ከፀሐይ ወርድ አንድ ዐሥረኛ ያህል ስለሆነ፣ ፀሐይን በመሰለ ኮከብ ፊት ብታልፍ ከብርሃኑ የምትጋርደው ከመቶ አንድ እጅ ያህል ነው። ይህ በዐይን አይታወቅም፤ በመሣሪያ ግን ይለካል።

ይህን ለመለካት የግድ ታላቅ መሣሪያ ያስፈልጋል የሚል ቢኖር፣ በ1999 በፈረንጅ አቈጣጠር የሆነውን ይመልከት። ዴቪድ ሻርቦኖና ጓደኞቹ በአሜሪካ በኮሎራዶ፣ አፉ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ በሆነ መነጽር በፔጋሰስ ክፍል ያለውን አንድ ኮከብ ሲጠባበቁ፣ ብርሃኑ ከመቶ አንድ ተኩል ያህል ቀንሶ ከሦስት ሰዓት ያህል በኋላ ሲመለስ አዩ። ያች ግዙፍ ፕላኔት በየሦስት ቀን ተኩል ትመላለሳለች። ከዚያ ወዲህ ከ2009 እስከ 2018 በፈረንጅ አቈጣጠር የሠራው ኬፕለር የተባለው የጠፈር መነጽር ብቻውን ከ2600 የሚበልጡ ፕላኔቶችን አስገኝቷል። ጠቅላላው ቍጥርም በ2025 ከ6000 አልፏል።

ይሁን እንጂ የተገኘችው ሁሉ መልሳ መላልሳ ካልታየች የምታልፍበት ሰዓት እያደር ይሳሳታል። ስለዚህ በልዩ ልዩ አገር የሚገኙ ትንንሽ መነጽሮች ተባብረው ሰዓቱን እንዲያርሙ ያስፈልጋል። በአንዱ አገር ሲነጋ በሌላው ይመሻልና፣ ማንም አገር ብቻውን ሰማይን ሳያቋርጥ ሊጠብቅ አይችልም። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳ «ኤክሶፕላኔት ዎች» በሚባለው ሥራው ከማንኛውም ሰው የተላከለትን ልኬት የሚቀበለው ስለዚህ ነው።

በእንጦጦ ተራራ ላይ በ3200 ሜትር ከፍታ ሁለት ባለ አንድ ሜትር መነጽሮች መተከላቸው ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው። ነገር ግን የአዲስ አበባ መብራት በበዛ ቍጥር የእንጦጦ ሰማይ ይደበዝዛል። የመብራት ብዛት ያልጋረደው ሰማይ ያለው እንደ ቶንጎ ባሉ ጠረፍ ቦታዎች ነው። በማኦና ኮሞ ምድር፣ በሱዳን ወሰን አጠገብ የምትገኘው ቶንጎ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማትርቅ የሰሜኑም የደቡቡም ከዋክብት አብዛኞቹ ይታዩባታል። ዝናሙ ካባራ በኋላ በኅዳር ምሽት ሻርቦኖ የጠበቀው ኮከብ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ቡናም ከኋላው ይከተላል። የረመዳንን ጨረቃ መውጣት በዐይኑ የሚጠባበቅ ሕዝብ ሰማይን መመልከት አዲስ ነገር አይሆንበትም።

ነገር ግን ቶንጎ መከራ ያየች ቦታ ናት። ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ስደተኞች የተጠለሉበት በስሟ የሚጠራው ሰፈር በጥር 2014 ዓ.ም. ተዘርፎ ተቃጥሏል፤ በዚያ የነበሩትም ቦታውን ለቀው ለመሄድ ተገደዋል። ስለዚህ ሰላም፣ ውሃና መንገድ ሳይሟላ ስለ ኮከብ ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ሰው ቢኖር አሳቡ ሊናቅ አይገባውም። በውነትም መነጽር የእንጀራ ምትክ አይሆንም። ነገር ግን እንጀራ እስኪሟላ ድረስ ዕውቀት ይቆይ ቢባል፣ የሚቆየው ሁልጊዜ የጠረፍ ልጅ እንጂ የከተማ ልጅ አይደለም። ደግሞም የኮከብን ብርሃን ደቂቃ በደቂቃ የለካ፣ የለካውን ሳያዛባ የመዘገበና ስሕተቱን ያሰላ ተማሪ፣ ነገ መሬት ቀያሽ፣ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ቢሆን ያው ትዕግሥትና ያው እውነተኛነት ይከተሉታል።

ስለዚህ የሚገባው ሥራ ይህ ነው። የእንጦጦ ሊቃውንትና የአሶሳ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው፣ ሰላም በጸናበት ቦታ ሁሉ፣ ለቶንጎና ለመሰሎቿ ትምህርት ቤቶች አንዳንድ ትንሽ መነጽር ከነፎቶ ማንሻው ይስጡ። ከመነጽሩ አስቀድሞም አስተማሪውን ያሠልጥኑ፤ ዐዋቂ ያልያዘው መሣሪያ በሣጥን ውስጥ የሚያረጅ ዕቃ ነውና። አቦል የቡና መጀመሪያ ናት፤ ቀጥሎ ቶና፣ ከዚያም በረካ ይቀዳል። በስም የተጀመረውም ነገር በአቦል ብቻ እንዳይቀር ያስፈልጋል። ከቶንጎ የተነሣ አንድ ተማሪ የሩቅ ኮከብ ብርሃን ሲጐድል ለክቶ ለዓለም ሊቃውንት የላከ ዕለት፣ ኢትዮጵያ በሰማይ ላይ ያላት ድርሻ ከስም አልፎ ሥራ ይሆናል።