«በዘራችን አለ» ፍርድ አይደለም

«እኛ ቤት ስኳር በዘራችን ነው፤ ምን ይደረጋል?» ይህ አባባል በየቤቱ ይሰማል። ግማሹ እውነት ነው፤ ሌላው ግማሽ ግን ሰውን ከምርመራ ያስቀራል።

እውነቱ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የአይስላንድ ተመራማሪዎች ቲሲኤፍ7ኤል2 የሚባል ጂን ከዓይነት ሁለት ስኳር ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ። የጂኑን አደገኛ ዓይነት ከአንድ ወላጅ የወረሰ ሰው ስጋቱ በ40 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ከሁለቱም የወረሰ ደግሞ እጥፍ ገደማ ይሆንበታል። ቆሽቱ በቂ ኢንሱሊን ማመንጨት ይከብደዋል። ከዚያ ወዲህ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሌሎች ልዩነቶች ተገኝተዋል፤ የእያንዳንዳቸው ድርሻ ግን ትንሽ ነው።

ታዲያ ዘር ብቻውን ይወስናል? እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በዘመቻ ሙሴ ወደ እስራኤል የገቡትን ቤተ እስራኤላውያን ማየት ይበቃል። ሲገቡ ስኳር በመካከላቸው ብርቅ ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን በፍጥነት ተስፋፋ። ዘራቸው ያው ነው፤ የተለወጠው ማዕዱና የእግር መንገዱ ነው።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ የሆነ ትልቅ ጥናትም ስኳር ሊይዛቸው የተቃረቡ ሰዎች ክብደት ቀንሰው በሳምንት 150 ደቂቃ ሲንቀሳቀሱ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ መውረዱን አሳይቷል። አደገኛውን የቲሲኤፍ7ኤል2 ዓይነት የወረሱትም ተጠቅመዋል።

እንግዲህ እናቱ ወይም አባቱ ስኳር ያለበት ሰው ከሌላው ቀድሞ ይመርመር፤ ከሌላው አብልጦ ይራመድ። ዘር «ቀድመህ ተዘጋጅ» ይላል እንጂ «እጅህን አጣጥፈህ ተቀመጥ» አይልም።