ተፈጥሯዊ ማቅለሚያ ለልጆች ምግብ፦ ምርጫው ምግቡን ይከተል

ልጆች ምግብን አስቀድመው የሚመርጡት በዓይናቸው ነው። ቀይ ከረሜላ ወይም ብርቱካናማ መጠጥ ገና ሳይቀመስ በቀለሙ ይማርካቸዋል። ይህ ቀለም ግን ብዙውን ጊዜ ከፍራፍሬ የተገኘ ሳይሆን እንደ ታርትራዚንና አሉራ ሬድ ካሉ ሰው ሠራሽ ማቅለሚያዎች የመጣ ነው።

በጉዳዩ ላይ በሰፊው የሚጠቀሰው የእንግሊዙ ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2007 እ.ኤ.አ. በላንሴት መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ነው። የ3 ዓመት እንዲሁም የ8 እና የ9 ዓመት ልጆች የቀለሞች ቅልቅልና ሶዲየም ቤንዞኤት ያለበት መጠጥ ሲወስዱ ቅብጥብጥነታቸው በአማካይ ጨምሮ ታይቷል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ማስረጃውን ውስን ነው ቢለውም፣ የአውሮፓ ኅብረት ከጁላይ 2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስድስት ቀለሞች የገቡባቸው ምግቦች በልጆች እንቅስቃሴና ትኩረት ላይ ጉዳት ሊያስከትሉ እንደሚችሉ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍባቸው ደንግጓል። ጥንቃቄው ተገቢ ነው፤ 15 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን አንድ ጠርሙስ መጠጥ ሲጨርስ፣ 60 ኪሎ ግራም ከሚመዝን አዋቂ ጋር ሲነጻጸር ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ አራት እጥፍ ቀለም ይደርሰዋል።

ሆኖም «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ብቻውን ዋስትና አይሆንም። የእርድ ቀለም የሆነው ኩርኩሚን በአውሮፓ የተፈቀደለት የቀን መጠን ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 3 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ የታርትራዚን 7.5 ሚሊ ግራም ነው። በባንግላዴሽ ደግሞ እርድን ለማድመቅ የእርሳስ ውሕድ ይቀላቀልበት እንደነበር በጥናት ተረጋግጧል፤ እርሳስ የልጆችን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው።

ሁለተኛው ችግር የቀለሞቹ ጠባይ ነው። የቀይ ሥር ቀለም የሆነው ቤታኒን በሙቀት ስለሚበላሽ ለሚጋገር ብስኩት አይሆንም፤ ለእርጎና ለአይስክሬም ግን ይስማማል። ኩርኩሚን ሙቀትን በተሻለ ይቋቋማል፤ ብርሃን ግን ያደበዝዘዋል፤ ስለዚህ ብርሃን በማያሳልፍ መያዣ ለሚታሸግ ምግብ ይመረጣል። በከርከዴ የሚገኘው አንቶሲያኒን ቀይነቱን የሚጠብቀው በኮምጣጣ ነገር ውስጥ በመሆኑ ተስማሚ ቦታው የፍራፍሬ መጠጥ ነው። አንድን ሰው ሠራሽ ቀለም በሁሉም ምርት በአንድ ተፈጥሯዊ ቀለም ለመተካት የሚደረግ ሙከራ የሚከሽፈው ይህ ልዩነት ሲዘነጋ ነው።

ኢትዮጵያ ለዚህ ሥራ የሚሆን ጥሬ ዕቃ አላት። እርድ በደቡብ ምዕራብ፣ በቴፒ አካባቢ ይመረታል፤ ቀይ ሥርም በየገበያው የሚገኝ አትክልት ነው። የሚቀረው የቀለሙን ንጽሕናና ጥንካሬ በቤተ ሙከራ እየለኩ ወጥ ምርት ማቅረብ ነው። ይህ ለምግብ ሳይንስ የድኅረ ምረቃ ምርምር የተገባ፣ ለአነስተኛ አምራቾችም የሚጠቅም መስክ ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ሊሆን ይገባል። በመጀመሪያ ቀለም የግድ ከማያስፈልገው የልጆች ምግብ ላይ ቀለሙ ጨርሶ ይቅር፤ ነጭ እርጎ የሚጎድለው ነገር የለም። ቀጥሎ ቀለም በሚያስፈልግበት ቦታ ለምግቡ አሠራርና አስተሻሸግ የሚስማማው ተፈጥሯዊ ማቅለሚያ ንጽሕናው ተፈትሾ ይግባ። በመጨረሻም የቀለሙ ስም ወላጅ በሚያነበው ቋንቋና በሚታይ ፊደል በማሸጊያው ላይ ይጻፍ። ሕፃኑ በዓይኑ ይመርጣል፤ በዕውቀት የመምረጥ ኃላፊነት ግን የአምራቹ፣ የተቆጣጣሪውና የወላጁ ነው።