የመዶሻው ድምፅና የጎረቤት ፍርድ



ሰሞኑን ለማኅበራችን አንድ አቤቱታ ቀርቧል። ከአያት እስከ ልጅ ልጅ በጫማ ሥራ የሚተዳደረውን የሰፈራችንን ቤተሰብ የሚመለከት ነው። «መዶሻው ዕረፍት ነሳን፣ የማስቲሹ ሽታ አስቸገረን፣ ሥራውን ከመኖሪያ ግቢ ያውጣልን» ይላል። የቤተሰቡን ስም መጥራት አያስፈልግም። ለመሆኑ ከመካከላችን እዚያ ደጅ ሶል ያላስቀየረ፣ ለልጁ የትምህርት ቤት ጫማ ያላሠራ ስንት ሰው ይገኛል?

ፍርድ ከመስጠት በፊት ሙያው እንዴት እዚህ እንደደረሰ ማስታወስ ደግ ነው። በአዲስ አበባ የዘመናዊ ጫማ ሥራ መሠረት የተጣለው በ1930 ዓ.ም. ገደማ አርመን ነጋዴዎች ባቋቋሟቸው ፋብሪካዎች ነው። ኋላ አንበሳ ጫማ የተባለው ፋብሪካም ቀድሞ ዳርማር ይባል ነበር። በፋብሪካ ሠርተው እጃቸውን ያፍታቱ ሠራተኞች እየወጡ መርካቶ ውስጥ የየራሳቸውን ሥራ ከፈቱ፤ ልጅና ዘመድ አስተማሩ። ሸራ ተራና አካባቢው የጫማ ሠሪ መንደር የሆነው በዚህ ዓይነት ነው።

እንግዲህ የዚህ ሙያ ዋነኛው ትምህርት ቤት ቤተሰቡ ነው ማለት ነው። አባት ቆዳ ይቆርጣል፣ እናት ቶማያውን ከገበሩ ጋር ትሰፋለች፣ ልጅ ማስቲሽ ከመቀባት ይጀምርና ቀስ በቀስ ፎርማ ላይ መወጠር ይለምዳል። የትኛው ቆዳ እንደሚሳብ፣ የትኛው እንደሚሰነጠቅ የሚያውቀው በጣቱ ነው። ይህን ዕውቀት ከመጽሐፍ ብቻ አያገኘውም። ልጁ ከአባቱ ጎን ከተነሳ ሙያው እዚያው ያበቃል።

በ1993 ዓ.ም. ግድም ከቻይና ርካሽ ጫማ በገፍ ሲገባ «የአገር ቤት ጫማ ሠሪ አለቀለት» ተብሎ ነበር። እውነትም ብዙዎች ገበያ አጡ። ግን አላለቀላቸውም! ሠሪዎቹ የመጣውን ሞዴል አጠኑ፣ ቆዳውንና ስፌቱን አሻሻሉ። ገዢውም የቱ እንደሚበረክት በእግሩ ለክቶ ተመለሰላቸው። ታዲያ የውጭ ገበያ ያልጣለውን ሙያ ጎረቤት ይጣለው?

ወደ አቤቱታው እንመለስ። በውስጡ ሁለት ነገር ተደባልቋል። አንደኛው እውነተኛ ችግር ነው። ሌሊት መዶሻ ሲመታ ሕፃንና በሽተኛ አይተኛም። የማስቲሽ ሽታም ቀላል ነገር አይደለም፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲውል ሲያድር ነርቭ ይጎዳል። ከሁሉ በፊት የሚጎዳውም ያው ሠሪው ራሱና አጠገቡ የተቀመጠው ልጁ ነው። በክሮም የለፋ የቆዳ ቁርጥራጭ ማቃጠልም መቅረት አለበት፤ ጭሱ መርዝ ነው።

ሁለተኛው ግን ችግር ሳይሆን ንቀት ነው። አቤቱታው ሲቀርብ ከአንዳንድ ሰው አፍ «ፋቂ» የሚለው የድሮ ስድብ ሲወጣ ተሰምቷል። እንዴ! ሰውን በእጅ ሥራው መስደብ ክልክል ነው ተብሎ በአጼ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. ታውጇል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት እኛ ገና አልሰማንም ማለት ነው? የዚያ ቤት ልጅ ማስቲሽ የነካ እጁን ከጓደኞቹ ፊት ኪሱ ውስጥ ይደብቃል ይባላል። ጓደኞቹን ስድብ ያስተማራቸው ማነው? ከየቤታችን የሰሙት ነው እኮ። ቆዳውን ካልናቅነው፣ ጫማውን ተጫምተን ሠርግና ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድም ከሄድን፣ የሠራውን እጅ ስለምን እንንቀዋለን?

ስለዚህ ማኅበሩ የሚከተለውን ሐሳብ ያቀርባል። በቤተሰቡ በኩል፦ መዶሻ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ እንዳይመታ፣ ማስቲሽ የሚቀባው መስኮትና በር ተከፍቶ ወይም በረንዳ ላይ እንዲሆን፣ ቆርቆሮው ሥራ ሲያልቅ እንዲከደን፣ ቁርጥራጩ በጆንያ ተሰብስቦ ከቆሻሻ ጋር እንዲወጣ፣ እንዳይቃጠል። በነዋሪው በኩል፦ ስድቡ ከልጆችም ከአዋቂዎችም አፍ እንዲወጣ፣ ጫማ አሠርቶ «ደመወዝ ሲወጣ» እያሉ ማመላለስ እንዲቀር። ሠሪው ቆዳ የሚገዛው በጥሬ ገንዘብ ነው፤ የአንድ ሰው ዱቤ ለእርሱ የነገ ሥራ ማጣት ነው። ከተቻለም ግቢው ጥግ ያለችውን ባዶ ቦታ በላስቲክ ከልሎ ለማስቲሽ ሥራ መስጠት ይቻላል፤ ይህን በሚቀጥለው ስብሰባ እንወስናለን።

«ይውጣልን» ማለት ቀላል ነው። ግን ያ ቤተሰብ ከዚህ ከወጣ ቦታ ኪራይ ከፍሎ አይዘልቀውም፣ ልጁም ሌላ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። ያኔ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደተባለው ይሆንብናል። ጸጥታ እናገኝ ይሆናል፤ ታኮ ሲነቀል የሚመታልን ግን አይኖርም። አቤቱታ ያቀረባችሁም፣ ጫማ ሠሪው ቤተሰብም በስብሰባው ላይ ተገኝታችሁ ፊት ለፊት ተነጋገሩ። የሰፈር ሽምግልና የተፈጠረው ለዚህ ነው።