ጭሱ የማን ዕዳ ነው?

ስለ ሞተር መጻፍ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ፈንታ ነው፤ የታሪክና የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ምን አገባው የሚሉን ወንድሞችና እኅቶች አይጠፉም። ጭሱ ግን አፍንጫችን ሲገባ የየት ፋኩልቲ ናችሁ ብሎ አይጠይቀንም።

ባለ አራት ምት ሞተር ሥራውን በተራ ያከናውናል። ፒስተኑ ወርዶ ቤንዚንና አየር ይስባል፤ ወጥቶ ያምቃል፤ በእሳቱ ኃይል ይወርዳል፤ ዳግመኛ ወጥቶ ጭሱን ያስወጣል። ባለ ሁለት ምቱ ይህን ሁሉ ባንድ መውጣትና ባንድ መውረድ ይጨርሳል። ርካሽና ለክብደቱ ብርቱ የሆነውም ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ የጭሱ መውጫና የቤንዚኑ መግቢያ ባንድ ጊዜ ክፍት ስለሚሆኑ፣ በተለመደው ባለ ካርቡሬተር ሞተር ከገባው ቤንዚን እስከ ሲሶ የሚደርሰው ሳይቃጠል ያመልጣል። ከቤንዚኑ ጋር የተደባለቀው ዘይትም ከፊሉ ሰማያዊ ጭስ ሆኖ ይወጣል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ይህ ሞተር ያፈሰሰውን የሚለቅመው ግን የመንገደኛው ሳምባ ነው።

የባንግላዴሽ ዋና ከተማ ዳካ እ.ኤ.አ. ከ2003 መባቻ ጀምሮ ባለ ሁለት ምት ባለ ሦስት እግር ታክሲዎችን ከጎዳና አስወጣች፤ በምትካቸው በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠሩ ባለ አራት ምቶች ገቡ። በአየሩ ውስጥ ያለው ደቃቅ ብናኝ መቀነሱም በመለኪያ ታየ። ነገር ግን በጡብ ምድጃውና በናፍጣው ጭስ ምክንያት ዳካ ዛሬም አየራቸው እጅግ ከተበከለ ከተሞች አንዷ ናት።

እንግዲህ «ሁለት ምቱ ይታገድ፤ ነገሩ ያልቃል» የሚሉት ጓደኞቻችን ጥቂት ይታገሡ። ባለ አራት ምቱ በበለጠ ሙቀት ስለሚያቃጥል የናይትሮጅን ኦክሳይዱ ከባለ ሁለት ምቱ ይበልጣል። አርጅቶ ዘይት መጠጣት ከጀመረም እርሱም ያጨሳል። በሌላ በኩል የታላላቅ መርከቦች ሞተር ባለ ሁለት ምት ሲሆን፣ ከነዳጁ ጉልበት ግማሽ ያህሉን ወደ ሥራ ይለውጣል፤ ሲሊንደሩን የሚያጥበው አየር ብቻ ሆኖ ነዳጁ የሚረጨው በሩ ከተዘጋ በኋላ ነውና። ስለዚህ ጥፋቱ ከምቱ ቁጥር ሳይሆን ነዳጁ ከሚያመልጥበት በር ነው።

በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ቀድሞ የገባው ሞተር ግን ገና ብዙ ዓመት ይነዳል። እኛ የምንለው ይህ ነው፦ ሕግ የሞተሩን ስም ሳይሆን ከጭስ ማውጫው የሚወጣውን ይለካ። ሞተር ለውጥ የሚባለው ሹፌርም ለባለንብረቱ የቀን ገቢ እያስገባ በቀሪው ልጆቹን የሚያሳድግ ነውና ብድር ይመቻችለት። ሳይቃጠል የሚያመልጠው ቤንዚን የእርሱም ገንዘብ ስለሆነ፣ ንጹሕ ሞተር ዕዳውን በከፊል ራሱ ይከፍላል። ያለዚያ ጭሱን ከኛ አፍንጫ አንሥተን ረኃቡን ወደ እርሱ ቤት ማስገባታችን ነው።

ይህን የሚቃወም ቢኖር ብዕሩን ያንሣ።