ትዝታን ከውጭ ማስመጣት

ባለፈው እሑድ ከአክስቴ ልጅ ጋር አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ባጃጅ እየጠበቅን ነበር። አርሞኒካውን ከኪሱ አወጣ፣ ሁለቴ ነፋ አደረገና መልሶ ከተተው። "ምነው ተውከው?" ስለው "ይሄ ሜጀር ነው፤ ግማሽ ትዝታ አይወጣበትም። እህቴ ማይነሩን ከአሜሪካ እስክትልክልኝ ነው የምጠብቀው" አለኝ። ስምንት ወር ጠብቋል። ስምንት ወር! በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰው ማሲንቆ ይለምዳል (እሺ፣ አይለምድም፤ መቃኘት ግን ይለምዳል)።

ልጁን አልቆጣም፤ የሰማውን ነው የደገመው። እኔም እዚሁ ከተማ ሳድግ ጊታር ወይም ኪቦርድ የነካ ሁሉ ሲለው የሰማሁት ይሄንኑ ነው፦ አርሞኒካ የልጅ መጫወቻ ነው፣ የኛን ቅኝት አይችልም፤ ቢችል ቢችል ማይነሩ ነው።

እስኪ እንቁጠር። አሥር ቀዳዳ ያለው ተራ የዶ አርሞኒካ ላይ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ አሉ። ሙሉ ትዝታ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ስለሆነ በዚህ የሚጣላ የለም። ግማሽ ትዝታ ላይ ሲደርስ ግን ሁሉም "ከዶ ካልጀመርኩ" ይልና ሚ ፍላትን ሲያጣ መሣሪያውን ይረግማል። ማን ከዶ ጀምር አለህ? ከላ ጀምረው፦ ላ ሲ ዶ ሚ ፋ። ስድስተኛውን ቀዳዳ ሳብ፣ ሰባተኛውን ሳብ፣ ሰባተኛውን ንፋ፣ ስምንተኛውን ንፋ፣ ዘጠነኛውን ሳብ። አሥረኛውን ስትስብ ላይኛው ላ ይመጣል። ግማሽ ትዝታ ማለት ይኸው ነው፤ ከኪስህ ውስጥ ነበር። እነዚሁኑ ድምፆች ከሚ ካስነሣሃቸው (ሚ ፋ ላ ሲ ዶ) አምባሰል ይሆናሉ። ባቲም ከዶ ተነሥቶ ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ ብሎ ያልፋል። አንድም ድምፅ ከውጭ አልመጣም።

ታች ባሉት ቀዳዳዎች ላይ ፋ እና ላ የሉም፣ አልዋሽም። እነሱን ለማግኘት ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቀዳዳ እየሳቡ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማጠፍ ይጠይቃል፤ ያ ደግሞ ልምምድ እንጂ ፓርሴል አይፈልግም።

ታዲያ ማይነር አርሞኒካ የሚባለው ምንድነው? ዴንማርክ ተወልዶ አሜሪካ ውስጥ "ዋር" በተባለው ባንድ ስሙን የተከለው ሊ ኦስካር እ.ኤ.አ. በ1983 ባቋቋመው ድርጅት ሲሸጣቸው የኖሩ አሉ፤ ሌሎችም ይሠራሉ። የእሱን የላ "ናቹራል ማይነር" ፈታችሁ ብታዩት ውስጡ ያለው ላ ሲ ዶ ሬ ሚ ፋ ሶል ነው። አዎ፣ የዶ አርሞኒካው ሰባት ድምፆች ራሳቸው! የተለወጠው አደራደራቸው ነው። ሦስት አራት ቀዳዳ አንድ ላይ ሲነፋ ወይም ሲሳብ ማይነር ኮርድ እንዲሰጥ ተደርጓል። ለብሉዝ ተጫዋች ይሄ ትልቅ ነገር ነው። አዝማሪ ግን በማሲንቆው ኮርድ ሲመታ ማን አየ? የኛ ዜማ በአንድ ድምፅ እየተጠማዘዘ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ልጁ ስምንት ወር የጠበቀው የማይፈልገውን ኮርድ ነው።

"ዘፋኙ በሌላ ቁልፍ ቢጀምርስ?" የሚል ይኖራል። ሌላ አርሞኒካ ይያዛ! ዋሽንት ነፊ ረጅምና አጭር ዋሽንቶቹን ይዞ ሲዞር "ጎዶሎ መሣሪያ ነው" ያለው የለም።

አንድ ቦታ ላይ ግን እጄን እሰጣለሁ፤ አንቺሆዬ። ሰርግ ላይ የምንሰማው ያ ቅኝት በተራው አርሞኒካ አይገኝም። ከሲ ብናስነሣው ሲ ዶ ሚ ፋ ሶል ሻርፕ ነው፤ ሶል ሻርፕ ደግሞ ከሰባቱ ውስጥ የለችም። ሦስተኛውን ቀዳዳ እስከ መጨረሻው በማጠፍ ታች ላይ ትገኛለች፤ እሱ ግን የጎበዝ ሥራ ነው። እዚህ ላይ የሚረዳው "ሐርሞኒክ ማይነር" የሚባለው ነው፤ የላው አምስቱንም ድምፅ ይዟል።

እሱም ከሌለ ሜሎዲካ አለ። በትንፋሽ ይሠራል፣ ቁልፎቹ እንደ ፒያኖ ስለሆኑ አሥራ ሁለቱንም ድምፅ ይሰጣል፤ አራቱም ቅኝት በማንኛውም መነሻ ይወጣበታል። "የትምህርት ቤት ዕቃ" ብሎ ለሚንቀው፣ ጃማይካዊው ኦገስተስ ፓብሎ በዚሁ ዕቃ እ.ኤ.አ. በ1977 "ኢስት ኦፍ ዘ ሪቨር ናይል" የሚለውን አልበም ሠርቷል፤ አብዛኛው ማይነር ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በሰጡት መሬት ራስታዎች የሰፈሩባት ሻሸመኔ እኮ ከዚህ በአውቶቡስ የምትደረስ ናት። ሬጌን ለቦብ ማርሌይ ቲሸርት ብቻ የምንፈልገው ለምንድነው?

ኪቦርዱንም አልረሳሁትም። አንድ ቁልፍ ተጭኖ ማሲንቆ፣ ዋሽንት፣ ክራር "የሚጫወት" ሰው አርሞኒካን መጫወቻ ሲል ስሰማ ሳቄ ይመጣል።

ባጃጁ መጣና ገባን። መንገድ ላይ ከላ እንዲጀምር ነገርኩት፤ ሁለት ጊዜ ተሳስቶ በሦስተኛው አወጣው። ሹፌሩ ሬዲዮኑን ቀነሰ። ልንወርድ ስንል "እህቴ ልትገዛው ያለችው ይሄ ነው" ብሎ ስልኩ ላይ ፎቶ አሳየኝ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው "ናቹራል ማይነር" ነው።