የረኀብን አሠራር አስቀድመን እንማር



ፓቶፊዚዮሎጂ የምንለው ትምህርት በሽታ በሰውነት ውስጥ የሚሠራውን ሥራ የሚያስረዳ ነው። የልብ ድካም እግርን ለምን ያሳብጣል፤ የስኳር በሽታ ለምን ውሃ ያስጠማል፤ ለሚለው ሁሉ መልስ የምናገኘው ከእሱ ነው። የማቀርበው ሐሳብ አጭር ነው፤ ይኸውም ወሎ ውስጥ ሐኪም ለመሆን የሚማር ሰው በዚህ ትምህርት ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው የረኀብን አሠራር ነው የሚል ነው። ከውጭ አገር የሚመጡልን ወፋፍራም መጻሕፍት ለልብ ደም ሥር መጥበብ ሰፊ ቦታ ሲሰጡ ረኀብን በጥቂት ገጾች ያልፉታል። ለጸሐፊዎቹ አገር ይህ ትክክል ይሆን ይሆናል፤ እኛ ግን በ1966ና በ1977 ዓ.ም. በረኀብ የተመታ አገር ልጆች ነን።

«ረኀብ ድኅነት ነው እንጂ በሽታ አይደለም፤ መድኃኒቱም እህል ነው» የሚሉ ጓደኞች አሉ። ግማሹ እውነት ነው፤ ድርቅና ክፉ አስተዳደር የሚያመጡትን ረኀብ ሐኪም አያጠፋውም። ነገር ግን የተራበው ሕፃን አልጋ ላይ ከደረሰ በኋላ የሐኪሙ እጅ ራሱ ሊገድለው ይችላል። አነጋገሬ የከበደው ካለ ይከተለኝ።

ለረዥም ጊዜ የተራበ ሰውነት ወጪውን ይቀንሳል። ልብ በድካም ትመታለች፤ ጉበት ሥራውን ያሳንሳል፤ ኩላሊትም ትርፍ ጨውና ውሃ ማስወጣት ያቅተዋል። በየሕዋሱ ግድግዳ ላይ ሶዲየምን ወደ ውጭ፣ ፖታሲየምን ወደ ውስጥ የሚገፋው ፓምፕ ስለሚዝል ሶዲየም ከውስጥ ይከማቻል፤ ፖታሲየምም ይጎድላል። ትኩሳት እንኳ ጉልበት ይጠይቃልና ሕፃኑ የሳንባ ምች ይዞት ሳለ ገላው ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላል። ቴርሞሜትሩን ብቻ ያመነ ተማሪ ይታለላል።

እንዲህ ያለው ሕፃን ተቅማጥ ይዞት ይመጣል እንበል። ደሴ ላይ፣ በቧንቧ ውሃም ሆነ በሌላው ሠፈር፣ በሽተኛ ደከመ ሲባል ዘመድ ሁሉ «ግሉኮስ ይሰቀልለት» ይላል። ለዚህ ሕፃን ግን በደም ሥር የሚገባው ውሃ የደከመችውን ልብ ያጥለቀልቃታል፤ ሾክ ካልያዘው በቀር በአፍ ቀስ እየተባለ ሊሰጠው ይገባል። የሚጠጣውም የተለየ ነው። በተራው ኦ.አር.ኤስ. አንድ ሊትር ውስጥ 75 ሚሊሞል ሶዲየምና 20 ሚሊሞል ፖታሲየም ሲኖር፣ ሪዞማል በሚባለው 45 ሶዲየምና 40 ፖታሲየም አለ። የፓምፑን ነገር የተረዳ ተማሪ ልዩነቱን መሸምደድ አያስፈልገውም።

እብጠቱስ? እግሩና ፊቱ ያበጠ ሕፃን ሲያይ፣ ስለ ልብና ስለ ኩላሊት ብቻ የተማረ እጅ ወደ ላሲክስ ይሄዳል። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ግን ለዚህ እብጠት ሽንት የሚያሸና መድኃኒት ከቶ አይሰጥም ይላል። አልቡሚን ስላነሰ ውሃው ከደም ሥር ወጣ የሚለው ማብራሪያም ለብዙ ዘመን ሲነገር የኖረ ነው፤ ሆኖም እነ ማይክል ጎልደን በ1980 እ.ኤ.አ. እብጠቱ አልቡሚን ከፍ ሳይል አስቀድሞ እንደሚጎድል አሳዩ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ለፈተና ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ከየት ይገኛል!

ከሁሉ የሚያስደነግጠው ምግቡ ነው። የተራበ ሰው ድንገት ጠግቦ ሲበላ ኢንሱሊን ይረጫል፤ ኢንሱሊኑም ከስኳሩ ጋር ፎስፌትን፣ ፖታሲየምንና ማግኒዝየምን ወደ ሕዋሳት ይነዳል። በደም ውስጥ የቀረው ጥቂቱ ሲሟጠጥ የልብ ምት ይዛባል፤ የመተንፈሻ ጡንቻም ይዝላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ከምርኮ ነጻ ከወጡት ረኀብተኞች መካከል ምግብ ካገኙ በኋላ የሞቱ ነበሩ። በሆስፒታል በመጀመሪያ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ ያለው ወተት በጥቂት በጥቂቱ የሚሰጠው፣ 100 ኪሎ ካሎሪ ያለው ኋላ የሚመጣው ስለዚህ ነው። እናቲቱ «ልጄን አስራባችሁት» ብላ ብትቆጣ አይፈረድባትም፤ ምክንያቱን የማያውቅ ተማሪ ግን ምን ብሎ ይመልስላታል?

በ1942 እ.ኤ.አ. በዋርሶ ጌቶ የታጎሩ አይሁድ ሐኪሞች ራሳቸው እየተራቡ የረኀብን አሠራር መረመሩ። ብዙዎቹ አለቁ፤ ጽሑፋቸው ግን በድብቅ ወጥቶ በ1946 ታተመ። ወሎስ? በ1965 ዓ.ም. የያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ መጥተው ያነሡትን ፎቶግራፍ ለተማሪው አሳዩ፤ የሚከበር ሥራ ነው። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ በደሴ ዙሪያና ኮምቦልቻን በከበበው በቃሉ ወረዳ፣ የተጎዱ ሕፃናት ሆስፒታል ሳይተኙ ከለውዝ በተሠራ ምግብ በየቤታቸው ታከሙ። ይህ ዘዴ ኋላ የዓለም መመሪያ ሆነ። ከእኛ መካከል ይህን የሚያውቅ ስንት ነው? በ2014 ዓ.ም. መግቢያም ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ በደሴ ትምህርት ቤቶች ሲጠለል፣ ጉዳዩ የታሪክ ብቻ አለመሆኑን ከተማው ሁሉ አይቷል።

የምጠይቀው አዲስ ኮርስ አይደለም። የሶዲየም ፓምፕ ሲነገር ምሳሌው የተራበው ሕፃን ይሁን፤ እብጠት ሲነገር ረኀብ ከልብ፣ ከጉበትና ከኩላሊት ጋር ይቈጠር፤ ሌሊቱን ሳይቀር ወተቱን እየለኩ የሚያጠጡት ነርሶችም አንድ ቀን ክፍላችን መጥተው ያስተምሩን። የሚቃወም መምህር ወይም ጓደኛ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን።

አንድ የሕክምና ተማሪ
ቧንቧ ውሃ፤ ደሴ